ኑግ ላይ የክሎሮፕላስት ዘረመል ምህንድስና ይቻል ይሆን? ከጎንደር የቀረበ ጥያቄ

የደምቢያዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው ያለሁት፣ ማራኪ አካባቢ። ባዮቴክኖሎጂ ማስተርስ እየተማርኩ ነው፤ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የማቀርብበት ጊዜም ደርሷል።

ቤተሰቦቼ ደምቢያ ውስጥ ገበሬዎች ናቸው። ጤፍና ሽምብራ ይዘራሉ፣ ውሃ የምትቋጥረዋ ማሳ ላይ ደግሞ ኑግ። ኑግን ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ዘይቱ አለ፣ ፋጉሎው አለ፣ ማሩ አለ። ግን ምርቱ ትንሽ ነው። ሲደርስ ይረግፋል። የራሱን የአበባ ዱቄት ስለማይቀበል ንብ ካልመጣለት ፍሬ በደንብ አይዝም። አባቴ በየዓመቱ «ኑግ ይብቃኝ» ይላል፣ በየዓመቱም መልሶ ይዘራል።

ሰሞኑን ስለ ፕላስቲድ ዘረመል ምህንድስና እያነበብኩ ነው፤ ማለትም ባዕድ ጂን ወደ ኒውክለስ ሳይሆን ወደ ክሎሮፕላስት (አረንጓዴው የቅጠል ፕላስቲድ) ዲኤንኤ ስለማስገባት። ብዙ ነገር ገባኝ፣ ብዙ ነገር ደግሞ ተምታታብኝ። ክፍል ውስጥ ይህን ርዕስ በሁለት ስላይድ አለፍነው። ስለዚህ የምታውቁ እርዱኝ።

ኒውክለስ እያለ ለምን ፕላስቲድ ተመረጠ? ጂኑ በአበባ ዱቄት አይተላለፍም የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው? ኑግ በንብ የሚዳቀል ስለሆነ ይሄ ለኔ ትልቁ ጥያቄ ነው። ደግሞስ የጂን ጠመንጃ የሚባለው መሣሪያ በእጃችን በሌለበት እዚህ ጎንደር ተቀምጬ በዚህ ዘርፍ ምን ልሠራ እችላለሁ? «ርዕሱን ቀይሪ፣ ቀላል ነገር ያዢ» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እኔ ግን ልቤ እዚህ ላይ ቀርቷል።

ቅጠል መርማሪ፦

እህቴ ሰላም። በትምባሆ ክሎሮፕላስት ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ ይሄ ጥያቄ የኔ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እዪ። አንድ የቅጠል ህዋስ ውስጥ ኒውክለሱ አንድ ነው። ክሎሮፕላስቱ ግን እስከ 100 ይደርሳል፤ እያንዳንዱም የራሱን ዲኤንኤ በብዙ ቅጂ ይይዛል። ሲደመር በአንድ ህዋስ ውስጥ እስከ 10,000 ቅጂ ሊኖር ይችላል። ዲኤንኤው ራሱ ትንሽ ነው፤ የትምባሆው ወደ 156 ሺህ ፊደል ብቻ ነው፣ ጂኖቹም መቶ ምናምን ናቸው። እንግዲህ የምትፈልጊው ጂን በሁሉም ቅጂ ላይ ከተቀመጠልሽ ህዋሱ በዚያው ልክ ያመርትልሻል። በኒውክለስ በኩል የሚገባ ጂን ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ የሚሟሟ ፕሮቲን 1 በመቶ እንኳ ለመሙላት ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የነሄንሪ ዳኒየል ቡድን በትምባሆ ክሎሮፕላስት ውስጥ ቢቲ የሚባለውን ትል ገዳይ ፕሮቲን ወደ 45 በመቶ አድርሶታል። በ2009 ደግሞ ጀርመን ውስጥ የነራልፍ ቦክ ቡድን አንድ ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲን 70 በመቶ ድረስ አመረተ። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ቁጥሩን ደግሜ ነው ያየሁት።

ሁለተኛው የቦታ ነገር ነው። ኒውክለስ ውስጥ የምታስገቢው ጂን የትም ይወድቃል። አንዱ ተክል ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ ዝም ይላል። ክሎሮፕላስት ውስጥ ግን ጂኑን ግራና ቀኝ ከራሱ ከክሎሮፕላስቱ ዲኤንኤ ጋር በሚመሳሰል ቁራጭ ካጀብሽው፣ ያንኑ ቦታ ፈልጎ ይገባል። የትኛው ሁለት ጂን መካከል እንደሚቀመጥ አንቺ ነሽ የምትወስኚው። ኒውክለስ ውስጥ የሚያስቸግረው ጂን የማፈን ነገርም እዚህ የለም። በዚያ ላይ ክሎሮፕላስት የጥንት ባክቴሪያ ዘር ስለሆነ ሁለት ሦስት ጂን በአንድ ማዘዣ (ጂኑን የሚያስነብበው የዲኤንኤ ቁራጭ) ሥር ደርድረሽ ብታስገቢ አብሮ ያነባቸዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ቦይንተን፣ ጊልሃምና ጓደኞቻቸው ክላሚዶሞናስ በምትባል አንድ ህዋስ ብቻ ባላት አልጌ ላይ ሠሩት። በ1990 ስቫብና ማሊጋ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሆነው በትምባሆ ላይ ተሳካላቸው። በ1993 ኤኤዲኤ የሚባለውን መለያ ጂን ሲጠቀሙ ውጤቱ መቶ እጥፍ ያህል ተሻለ። እስከ ዛሬ አብዛኛው ላብራቶሪ የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ዲኤንኤውን 0.6 ማይክሮን በሆነ የወርቅ ብናኝ ላይ ትለብጪዋለሽ። በሂሊየም ግፊት፣ ብዙ ጊዜ 1100 ፒኤስአይ፣ አየሩ በተመጠጠ ሳጥን ውስጥ ቅጠሉ ላይ ትተኩሺዋለሽ፤ የጂን ጠመንጃ የሚባለው ይሄው ነው። ከዚያ ቅጠሉን በትንንሹ ቆርጠሽ ስኳር፣ ሆርሞንና ስፔክቲኖማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ያለበት አጋር (ጄሊ መሰል ማብቀያ) ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ስፔክቲኖማይሲን የክሎሮፕላስቱን ፕሮቲን ማምረቻ ይዘጋል፤ ቅጠሉ አይሞትም፣ ስኳሩን እየበላ ይነጣል። አንድ ሳህን ሙሉ እንደ ወረቀት የነጣ ቅጠል ይሆናል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ከነጩ መሀል አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ትላለች፣ ትወፍራለች፣ ቡቃያ ትሆናለች። ያቺ ነች የምትፈለገው። ግን ሁልጊዜ እሷ አትሆንም! የክሎሮፕላስቱ የራሱ ጂን በአጋጣሚ አንድ ፊደል ተቀይሮበትም መድኃኒቱን ሊቋቋም ይችላል። ስለዚህ ስፔክቲኖማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን አብሮ ያለበት ሳህን ላይ ትሞክሪያታለሽ። ኤኤዲኤ ሁለቱንም ስለሚቋቋም እውነተኛዋ አረንጓዴ ሆና ትቆያለች፣ አስመሳይዋ ትነጣለች።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ያበቃለት ይመስለዋል። ገና ነው። ጂኑ መጀመሪያ የገባው ከ10,000ው ቅጂ በጥቂቱ ላይ ነው። አንድ ዳዊት አሥር ሺህ ጊዜ ተገልብጦ እርማቱ አንዱ ላይ ብቻ ቢደረግ እንደማለት ነው፤ ያረሙት ቅጂ እየተባዛ ያልታረመው እስኪጠፋ ድረስ ሥራው አላለቀም። ለዚህ ነው ከቡቃያዋ ቅጠል እንደገና ቆርጠሽ፣ እንደገና መድኃኒቱ ላይ አስቀምጠሽ፣ እንደገና ተክል የምታወጪው። ሁለት ሦስት ዙር ይፈልጋል። በመጨረሻም ዘሩን መድኃኒቱ ላይ ትዘሪዋለሽ። የበቀለው በሙሉ አረንጓዴ ከሆነ ቅጂው ሁሉ ተቀይሯል ማለት ነው። አንድ እንኳ ነጭ ወይም ዝንጉርጉር ካየሽ ወደ ኋላ ተመለሺ።

የአበባ ዱቄቱን ጉዳይ ሌላ ሰው ቢመልስ ደስ ይለኛል፤ እኔ አጥብቄ የማምነው ነገር ስላለ ላዳላ እችላለሁ።

የመተማ ጥጥ፦

ጋሼ ቅጠል መርማሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፣ መተማ በኩል የግብርና ባለሙያ ነኝ። እኛ ዘንድ ጥጥና ሰሊጥ ነው። የጥጥ ጓይ ትል ሲገባ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ገበሬው ኬሚካል ይዞ ማታ ማታ ሲሮጥ፣ ልጆቹ የረጨውን ልብስ ሲያጥቡ። እኔን ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የቢቲ ጥጥ ዝርያዎች ተፈቅደዋል፤ እነሱ ግን በኒውክለስ በኩል የተሠሩ ናቸው አይደል? እስቲ ንገሩኝ፣ በክሎሮፕላስት ቢሆን ትሉን በተሻለ ይገድለው ነበር?

ሌላው ንብ ነው። እዚህ ማር የሚቆርጥ ሁሉ «ይሄ ነገር ንቤን ይነካል ወይ» ብሎ ይጠይቀኛል። ልመልስለት እፈልጋለሁ።

ቅጠል መርማሪ፦

ልክ ነህ ወንድሜ፣ እነዚያ በኒውክለስ ናቸው። ጥጥ ላይ ክሎሮፕላስቱን መለወጥ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2004 ታይቷል። ቢቲን በተመለከተ ደግሞ ትምባሆ ላይ በተሠራው ሙከራ መጠኑ ያን ያህል ሲበዛ፣ በሌላ የቢቲ ዓይነት መቋቋምን የለመዱ ትሎች ሳይቀሩ ሞተዋል። ቅጠሉን በልቶ የሚኖር ትል ከሆነ መልሱ አዎ ነው። የጓይ ትል ግን ወደ እንቡጡና ወደ ፍሬው ነው የሚገባው። ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ ፍሬና ሥር ውስጥ ያለው ፕላስቲድ አረንጓዴ ስላልሆነ የሚያመርተው ከቅጠሉ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ ለጥጥ ገበሬ «ይሄ ይሻልሃል» ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

አንድ ሌላ ግን የሚያስደስት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመኖቹ ፕሮቲን የሚባለውን ነገር ትተው፣ የጥንዚዛን የራሱን ጂን የሚዘጋ ድርብ አርኤንኤ በድንች ክሎሮፕላስት ውስጥ አመረቱ። ኒውክለስ ውስጥ ቢሠሩት ተክሉ ራሱ ድርብ አርኤንኤውን ይቆራርጠዋል፤ ክሎሮፕላስት ውስጥ ያ መቁረጫ የለም፣ ሳይቆረጥ ይከማቻል። የኮሎራዶ ጥንዚዛ እጮች ያንን ቅጠል በልተው ሞቱ። ይሄ የተመረጠውን ነፍሳት ብቻ እንዲነካ ተደርጎ መነደፍ የሚችል መንገድ ስለሆነ፣ ንብ ለሚጨነቅ ሰው ቢወራለት ጥሩ ነው።

ጥንቃቄ፦

የአበባ ዱቄቱን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ይሄን ቴክኖሎጂ አልቃወምም። ግን «በዱቄት አይተላለፍም» ተብሎ ሲወራ አንድ ግማሽ ሁልጊዜ ይቀራል።

እውነቱ ይሄ ነው። አብዛኛው አበባ አውጪ ተክል ክሎሮፕላስቱን የሚያወርሰው በእናት በኩል ነው። ይህ ዛሬ የተገኘ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ባውርና ኮረንስ የቅጠል ቀለም በሜንዴል ሕግ እንደማይወረስ ያሳዩ ጊዜ ነው የተጀመረው። ባውር የሠራበት ጌራንየም ደግሞ ከሁለቱም ወላጅ የሚወርስ ሆኖ ተገኘ። አልፋልፋም እንደዚያው ነው። ዝግባና ጥድ መሰሎቹ ባለ ኮን ዛፎች በአብዛኛው ከአባት ይወርሳሉ። ስለዚህ «ተክል ሁሉ» አይባልም፣ ተክሉን ለይቶ ማየት ነው።

በእናት በኩል በሚያወርሰው ትምባሆ ላይ እንኳ መቶ በመቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው ሲፈትሹት አልፎ አልፎ የአባት ክሎሮፕላስት ሾልኮ ይገባል፤ ከብዙ አሥር ሺህ ቡቃያ በጥቂቱ። ከዚህ ሌላ ዲኤንኤው ራሱ ከክሎሮፕላስት ወደ ኒውክለስ ይሻገራል። በ2003 አውስትራሊያ ውስጥ ሲለካ ከ16,000 የትምባሆ የአበባ ዱቄት ቅንጣት በአንዱ ላይ ተገኝቷል። እርግጥ ለክሎሮፕላስት የተሠራ ጂን ኒውክለስ ውስጥ ቢገባ በአብዛኛው አይሠራም፤ ማዘዣው የዚያ ቤት አይደለም። በጥቅሉ ግን ከተራው የኒውክለስ ልውጥ ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፣ ይሄን አልክድም።

አሁን ወደ ደምቢያዋ ኑግ እንምጣ። የሚረሳው ግማሽ እዚህ ነው። እናት ያልኩት ዱቄቱን የምትቀበለዋን ነው። ኑግ የራሱን ዱቄት አይቀበልም፣ ንብ ከሌላ ማሳ ያመጣለታል። በየእርሻው ዳር ደግሞ መጭ አለ፤ የኑግ የቅርብ ዘመድ፣ ከኑግ ጋር መዳቀል የሚችል አረም። የተለወጠው ኑግ ዱቄቱን ወደ መጭ ቢልክ ጂኑ አብሮ አይሄድም፣ ጥሩ። የመጭ ዱቄት ግን ወደ ተለወጠው ኑግ ሲመጣ የሚወለደው ድቅል እናቱ ኑጓ ስለሆነች ጂኑን ይዞ ይወለዳል። ኑግ ደግሞ ይረግፋል! የረገፈው ዘር እዚያው ማሳ ላይ በሚቀጥለው ክረምት ይበቅላል። እንግዲህ በሩ በአንድ በኩል ተዘግቷል፣ በሌላ በኩል ክፍት ነው። ጥናትሽ ላይ ይሄን ብትጽፊ ከብዙ የታተመ ጽሑፍ የተሻለ ትሆኛለሽ።

ሕጉንም አንብቢው። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው 896/2007 አሉ። ልውጠ ሕያው (ጂኑ በምህንድስና የተለወጠ ፍጡር) የሚባለው ውስጥ የገባ ሥራ ሁሉ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ተዘግቶ ቢሠራም፣ በፈቃድ ነው። የመጀመሪያው አዋጅ በጣም ጥብቅ ነበር፣ ማሻሻያው ለተመራማሪ በሩን ሰፋ አድርጎታል።

የአዘዞው፦

ሁላችሁም ስለ ጠመንጃ ታወራላችሁ፣ ክሪስፐር እያለ? ልጅቷ በክሪስፐር ለምን አትሠራም? ርካሽ ነው ይባላል፣ ጠመንጃም አይፈልግም።

ቅጠል መርማሪ፦

ጥያቄህ ትክክል ነው፣ ሁሉም ይጠይቀዋል። ክሪስፐር የሚባለው የዲኤንኤ ማረሚያ መሣሪያ ቦታውን የሚያገኘው በመሪ አርኤንኤ ነው። ፕሮቲን ወደ ክሎሮፕላስት መላክ እንችላለን፤ ፊቱ ላይ ማስገቢያ ቁራጭ ትቀጥልና ክሎሮፕላስቱ ራሱ ይስበዋል። አርኤንኤን ግን እንደዚያ አድርጎ የሚያስገባ አስተማማኝ መንገድ የለም። ክሪስፐር እዚህ የሚደናቀፈው በዚህ ነው።

ስለዚህ ሰዎቹ ከፕሮቲን ብቻ የተሠራ፣ ታል የሚባለውን ቦታ ፈላጊ ከፊደል ቀያሪ ኢንዛይም ጋር ያጣመረ መሣሪያ አነሱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጃፓን ውስጥ አራቢዶፕሲስ በምትባል የላብራቶሪ ተክል፣ ኮሪያ ውስጥ በሰላጣ የክሎሮፕላስቱን ዲኤንኤ አንድ ፊደል ብቻ ቀየሩ። ደስ የሚለው ነገር፣ የመሣሪያው ጂን ኒውክለስ ውስጥ ስለሚቀመጥ በኋላ በማዳቀል ይወገዳል፤ የክሎሮፕላስቱ ለውጥ ግን በእናት በኩል ይቀጥላል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ያለውን ፊደል ትቀይራለህ እንጂ አዲስ ጂን አታስገባም። ዘይት የሚጨምር ወይም መድኃኒት የሚያመርት ጂን ልታስገባ ከሆነ አሁንም ወደ ጠመንጃው ትመለሳለህ።

የደምቢያዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በእውነት። ጥንቃቄ፣ የመጭ ነገር ቤታችን አጠገብ እያለ አልታየኝም ነበር። እናቴ መጭ ስትነቅል ነው ያደግኩት።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጤፍስ? አማካሪዬ ጤፍ ቢሆን ይመርጣሉ። ሁለተኛ፣ ኑግ ላይ ቢሆን ምን ዓይነት ጂን ነው ትርጉም ያለው? መድኃኒት የማምረት ሐሳብም ነበረኝ። ደምቢያ ውስጥ ወባ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

ቅጠል መርማሪ፦

ጤፍን ተይው፣ ቢያንስ ለማስተርስ። የእህል ዘር ሁሉ እዚህ ላይ አስቸጋሪ ነው። ሩዝ ላይ ብዙ ተለፍቷል፤ ጂኑ ይገባል፣ ግን ያልተለወጠውን ቅጂ ሁሉ ማጥፋት ዳገት ሆኖ ነው የቆየው። ምክንያቱ ብዙ ነው። ከእህል ቅጠል ተክል ማውጣት ይከብዳል፤ ከፅንሱ ነው የሚጀመረው፣ እዚያ ያለው ፕላስቲድ ደግሞ ትንሽና ያልዳበረ ነው። በዚያ ላይ የእህል ዘሮች ስፔክቲኖማይሲንን በተፈጥሮ ይቋቋማሉ፤ ዋናው መምረጫችን አይሠራባቸውም ማለት ነው። አማካሪሽን በአክብሮት ይሄን ንገሪያቸው፣ ይረዱሻል።

ኑግ ሌላ ነው። ኑግ የሱፍና የሰላጣ ቤተሰብ ነው። ሰላጣ ደግሞ ክሎሮፕላስቱ በደንብ ከሚለወጡት ጥቂት ተክሎች አንዱ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ ብዙ ተሠርቶበታል። የኑግ ክሎሮፕላስት ዲኤንኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ተነቦ ታትሟል፣ ወደ 152 ሺህ ፊደል ነው። ስለዚህ ጂኑን የሚያጅቡትን ቁራጮች ከትምባሆ ሳትበደሪ ከራሱ ከኑግ መውሰድ ትችያለሽ። በ2003 ደግሞ ተመራማሪዎች ጂን ወደ ተክል በሚያሻግር አግሮባክቴሪየም በሚባል ባክቴሪያ የኑግን ኒውክለስ ለውጠዋል። ህንዶች ኑግን በቲሹ ካልቸር (ከቁራጭ ላብራቶሪ ውስጥ) ማብቀል ከዚያም በፊት ጀምረዋል። ባዶ ሜዳ ላይ አይደለሽም።

ስለ ጂኑ ከጠየቅሽኝ እኔ ዘይቱን ነው የማየው። ተክል ፋቲ አሲድ የሚሠራው ፕላስቲድ ውስጥ ነው። የዚያን ሥራ መጀመሪያ ደረጃ ከሚያንቀሳቅሰው ኢንዛይም አንዱ ክፍል፣ ኤሲሲዲ የሚባለው ጂን፣ የሚገኘው እዚያው ክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጃፓኖች በትምባሆ የዚህን ጂን ማዘዣ አጠናክረው ኢንዛይሙን ጨመሩት፤ ቅጠሉ ዕድሜው ረዘመ፣ የዘሩም ምርት ጨመረ። የሣር ዘሮች፣ ጤፍም ያለበት ወገን ማለት ነው፣ ይሄን ጂን ከክሎሮፕላስታቸው አጥተውታል። ኑግ ግን አለው። የኑግ ገበሬ ልጅ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚቀርብ ጥያቄ አይታየኝም። የራሱን ጂን ማዘዣ መቀየር ስለሆነ ለሕዝብም ለማስረዳት ይቀላል።

የወባው ሐሳብ ጥሩ ልብ ነው፣ ግን ለኑግ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የነቦክ ቡድን የወባ መድኃኒት የሚሠራበትን የአርቴሚሲኒክ አሲድን መንገድ ወደ ትምባሆ ክሎሮፕላስት አዛውሮ በኪሎ ከ120 ሚሊግራም በላይ አግኝቷል። ያ ብዙ ጂን የገባበት፣ ትልቅ ቡድን የሠራው ሥራ ነው። ደግሞ ሰው የሚበላውን ቅባት እህል መድኃኒት ማምረቻ ማድረግ እኔ አልደግፍም። በገበያ ላይ ከሚበላው ኑግ ጋር ቢቀላቀል ማን ይለየዋል?

ጥንቃቄ፦

በዚህ በመጨረሻው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መለያው ኤኤዲኤ የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን ነው። በ10,000 ቅጂ ተባዝቶ የሚበላ ተክል ውስጥ ቢቀር ማንም ደስ አይለውም። ማስወገጃ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ቁራጭ አድርጎ ራሱ ተቆርጦ እንዲወጣ ማድረግ፣ ወይም ክሬ የሚባለውን መቁረጫ መጠቀም። ንድፉ ላይ ከመጀመሪያው ይግባ።

የመተማ ጥጥ፦

እኔ ደግሞ ስለ ጠመንጃው። እሺ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ልጅቷ ያለ ጠመንጃ ምን ታድርግ? እዚህ መብራት ሲጠፋ እንኳ የተዘራው አጋር ሁሉ ሻጋታ ይወርሰዋል። የውጭ አገር ወሬ ሰምታ ልቧ ተሰብሮ እንዳትቀር።

ቅጠል መርማሪ፦

ወንድሜ፣ ዋናውን አነሳኸው። እኔ የምለው ይሄ ነው፤ ለኑግ ትልቁ ማነቆ ጠመንጃው አይደለም። ጠመንጃ ያለው ላብራቶሪ በትብብር ይገኛል፣ ቅጠል ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ተኩሰሽ ትመለሻለሽ። ማንም የማያውስሽ ነገር ግን አለ፤ ከኑግ ቅጠል፣ በትክክል ከቅጠሉ፣ በብዛት ቡቃያ የማውጣት ብልሃት፣ እና ኑግ በስንት ስፔክቲኖማይሲን እንደሚነጣ። ትምባሆ በሊትር 500 ሚሊግራም ነው የሚፈልገው። ሰላጣ በ50 ብቻ ይነጣል። አሥር እጥፍ ልዩነት ነው! ኑግ የቱ ጋ እንደሚቆም የሚነግርሽ ሳህኑ ብቻ ነው።

ይሄ ሥራ ጎንደር ላይ ይሠራል። አንድ ንጹህ አየር የሚነፍስበት የሥራ ሳጥን፣ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ)፣ አጋር፣ ስኳር፣ ሁለት ሆርሞን፣ አንድ አንቲባዮቲክ። ባዕድ ጂን ስለማታስገቢ ልውጠ ሕያው የለም፣ ፈቃድ ደጅ አትጠኚም። ከተለያየ ቦታ የመጡ የኑግ ዝርያዎች ሰብስቢ፤ ከደምቢያም ከሌላውም። አንዱ ዝርያ ከሌላው በጣም የተሻለ ሊያበቅል ይችላል፣ ይሄ በሁሉም ሰብል የታየ ነው። ሆርሞኑን ከትምባሆው ጀምሪ፣ በሊትር 1 ሚሊግራም ቢኤፒ እና 0.1 ሚሊግራም ኤንኤኤ፣ ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም ሂጂ። ከኮቲሌደን (የዘሩ የመጀመሪያ ቅጠል) የሚወጣውን ቡቃያ እንደ ማወዳደሪያ ያዢው፤ ግን እዚያ ላይ አትቁሚ፣ ጥይቱ የሚያርፈው ሰፊ ቅጠል ላይ ነው።

ይሄን አንዴ በደንብ ከሠራሽው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ጠመንጃውን ይዞ ካንቺ ይጀምራል። ጓደኞችሽ «ቀላል ነገር ያዢ» ካሉሽ፣ ይሄ ቀላልም አይደል፣ ግን ይሠራል።

የደምቢያዋ፦

አሁን ገባኝ። እንግዲህ ርዕሴ ከኑግ ቅጠል ቡቃያ ማውጣትና የስፔክቲኖማይሲን መጠን ማወቅ ይሆናል። የመጭን ነገር በመግቢያው እጽፈዋለሁ፣ ጤፍ ለምን እንዳልሆነም ለአማካሪዬ አስረዳለሁ። ለዘሩ አባቴን እጠይቃለሁ፣ ሌሎቹን ዝርያዎች ደግሞ ከአዲስ አበባው የዘር ባንክ።

አንድ ትንሽ ጥያቄ ቀረችኝ። ስፔክቲኖማይሲኑን ከአጋሩ ጋር አብሬ ኦቶክሌቭ ላድርገው ወይስ በኋላ ነው የሚጨመረው? ደግሞ ቅጠሉ ሲቀመጥ የትኛው ፊቱ ነው ወደ ላይ?

ቅጠል መርማሪ፦

በኋላ ነው። በውሃ ይሟሟል፤ በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ አጥሪው፣ አጋሩ ከኦቶክሌቭ ወጥቶ እጅ እስኪችለው ሲቀዘቅዝ ጨምሪና ሳህኑ ላይ አፍሺው። በኦቶክሌቭ ሙቀት ኃይሉ ይደክማል፣ ያኔ የምታዪው መጠን የውሸት ይሆናል። ቅጠሉን ለትምባሆ የምናስቀምጠው ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ነው፣ የሚተኮሰውም በዚያው በኩል ነው። ለኑግ ሁለቱንም ሞክሪና እዚህ ጻፊልን። መድኃኒት የሌለበት ሳህንም ጎን ለጎን ይኑርሽ፤ ቅጠሉ የነጣው በመድኃኒቱ ይሁን በሌላ የምታውቂው በሱ ነው።